በረዶ ጭኜ

ሌሊት ዐሥር ሰዓት፣ ኡም አል ቁዌን፣ የዓሣ ወደቡ ዳር፣
አርባ ብሎክ በረዶ ጭኜ፣ በረዶው ማላብ ሲጀምር፣
ቁልፉን አዞርኩት።
ክርርር፣ ክርርር፣ ክርርር፤
ጉሮሮዋን ጠራርጋ ልትናገር ስትል
ቃሉ እንደጠፋበት ምስክር
ዝም።

ደግሜ አዞርኩት፤ ያው ነው።
ስልኩ ዳሽቦርዱ ላይ ይንቀጠቀጣል፤
አቡ ሱልጣን ነው፤ «ያ ሐበሺ! ጀልባው ገብቷል፣ በረዶው የታል?»
መልስ የለኝም። ከኋላዬ ጠብ፣ ጠብ ይላል፤
ደመወዜ ነው አስፋልቱ ላይ የሚፈስ።

ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። ብረቱ እንደ በሽተኛ ግንባር ርሷል፤
በዚህ አገር ነሐሴ ሌሊትም ያልባል፣
ሰው ሸሚዙን ጨምቆ መልሶ ይለብሳል።

ኩንጁሞን፣ የኬራላው ልጅ፣ ከበረዶ ፋብሪካው በር
ነጠላ ጫማውን እየጎተተ መጣ።
«ባትሪ» አለኝ ገና ሳያይ።
እዚህ የቆመ መኪና ያየ ሁሉ «ባትሪ» ነው የሚለው፣
እኛ ዘንድ «ቡዳ በላው» እንደሚሉት።
አይደለም አልኩት። መብራቷ ቦግ ብሏል፣
ሞተሪኖው በሙሉ ጉልበቱ ያዞራታል፤
ባትሪ የሞተባት እንዲህ አትታገልም።

ጋሽ ቢልልኝ፣ ኮምቦልቻ፣ ከጋራዡ ጉድጓድ ሆኖ
(ፊቱን ሳላይ፣ ድምፁን ብቻ፣ ከዘይት ጠብታ ጋር)
ሰባት ዓመት አምፖል ስይዝለት የነገረኝ ነገር፦
«መኪና የምትለምነው ሦስት ነው፤
አየር፣ ነዳጅ፣ እሳት።
የሰጠሃትን ተወው፤ የነፈግካትን ፈልግላት።»

አየሩ አለ፣ እርጥብ ይሁን እንጂ።
አንዷን ካንዴላ ፈትቼ አሸተትኳት፤
ጫፏ ርሷል፣ ነዳጅ ነዳጅ ትላለች።
ጠጥታለች ማለት ነው። የጠጣ ሁሉ ግን አይነድም።
ከገመዷ ጋር ሞተሩ ላይ አጋደምኳትና
«ኩንጁ፣ ቁልፉን አዙር!»

ጎንበስ ብዬ ጠበቅሁ ያቺን ሰማያዊ፣
ከክብሪት ራስ የምታንስ፣ ዓይን ሳይጨፈን የምታልፍ።
ጨለማ።
«ድገም!»
ጨለማ።
እኔ ካንዴላ እላለሁ፣ እሱ ፕላግ፣ አቡ ሱልጣን ቡዋጂ፤
ጣት ግን ጣት ነው፤
ሦስታችንም የምንጠቁመው ወደዚያው ጨለማ።

ዲስትሪቢውተሩን ያዝኩ። ሁለት ሞላ፤ ጠቅ፣ ጠቅ።
ክዳኑን ገልብጬ በስልኬ አበራሁበት፣
የአቡ ሱልጣን ስም እየጠራ፣ እየጠራ፣
እና አየሁት፤
ውሃ።
ትኩስ ወተት እንደ ከደነ ክዳን
ውስጡ በጥቃቅን ጠብታ ተሞልቷል።

ሳቄ መጣ።
ዝናብ ካየሁ ሦስት ዓመቴ፣
የምጠጣውን በጠርሙስ የምገዛ ሰው፣
በረሃ መሀል መኪናዬን ውሃ ገደላት።
ማታ ማን አቆማት? እኔ።
የት? ፋብሪካው ቀዝቃዛ ጉም የሚተፋበት ቱቦ ሥር፣
ቀኑን ሙሉ ነድዳለች፣ ትንሽ ይብረዳት ብዬ፣
አዝኜላት።

ላደርቀው ጨርቅ ፈለግሁ። ሸሚዜ ርሷል፤
የኩንጁሞን ፎጣ ከእኔ ሸሚዝ ይብሳል፤
የወንበሩ ሽፋን፣ ሶፍቱ፣ ሁሉም ላብ።
በዚያ ሌሊት በዚያ ወደብ አንድ ደረቅ ነገር ነበር፣
በላስቲክ ጠቅልዬ ኪሴ የማኖረው፤
የሐዋላ ደረሰኝ።

ዘረጋሁት። ክዳኑን ዙሪያውን አሸሁት፣
የመሀሏን ካርቦን፣ የአራቱን ገመድ ማረፊያ፣
ቀስ ብዬ፣ የሕፃን ጆሮ እንደሚጠርግ።
ገጠምኩ። ጠቅ፣ ጠቅ።
ኩንጁሞን ሳልነግረው አዞረው፤

ክርርር፣ ክር፣ ክ
ተነሣች!
ነጭ ጭስ ተፋች፣ ተንዘፈዘፈች፣ ከዚያ ረጋች፤
ኩንጁሞን በራሱ ቋንቋ አንድ ነገር ጮኸ፤ ገባኝ።

ሠላሳ አራት ብሎክ አደረስኩ።
የስድስቱን አቡ ሱልጣን በጣቱ ቆጠረ፣ ዝም አልኩት።
ሲነጋ ደረሰኙን መልሼ ሳጣጥፍ
ካርቦኑ የእህቴን የዘርፌን ስም ከ«ዘ» በቀር አጥፍቶታል፤
ገንዘቡ ግን
ባለፈው ሳምንት ደርሷታል።